ስለ ዳሪል ጆንስና ስለ ቱር ቤዚስቶች፦ ጥያቄና መልስ

ከእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ ጋር መድረክ ላይ ቤዝ (ዝቅ ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ጊታር) የሚጫወተው ዳሪል ጆንስ የባንዱ አባል እንዳልሆነ ስናገር ብዙዎቻችሁ ተገርማችኋል። ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ ልመልስ። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሠላሳ ዓመት አብሮ የዞረ ሰው እንዴት አባል አይባልም?

መልስ፦ የቀድሞው ቤዚስት ቢል ዋይማን መልቀቁ በ1993 መጀመሪያ ይፋ ሲሆን፣ ባንዱ በእሱ ቦታ አዲስ አባል አልሾመም፤ ሙዚቀኛ ቀጠረ። አባል የሆነ ሰው የባንዱ ስምና ገቢ ተካፋይ ነው፤ አልበም ሽፋን ላይ ይታያል፣ ሲወሰንም ድምፅ አለው። ተቀጣሪው ለሠራበት ይከፈለዋል፣ ቱሩ (ባንዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚያሳየው ኮንሰርት) ሲያልቅ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ጆንስ በ1994 በወጣው «ቩዱ ላውንጅ» አልበም ላይ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ቱሩን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቱር አለ። ይህን እንደ ውርደት የምታዩት አላችሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። በሮክ ዓለም ይህን ያህል ዘመን ሳይለወጥ የቆየ ተቀጣሪ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ማን መረጠው? ዘፋኙ ሚክ ጃገር ነው?

መልስ፦ ምርጫው ለድራመሩ ለቻርሊ ዋትስ ተተወ። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ቤዝና ድራም ካልተግባቡ ጊታሩ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዘፈኑ አይቆምም። ዋትስ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ጃዝ የሚወድ ሰው ነበር፤ ጆንስ ደግሞ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ ቤዚስት ሆኖ ያለፈ።

ጥያቄ፦ ከማይልስ ጋር እንዴት ተገናኘ?

መልስ፦ ጆንስ በ1961 ቺካጎ ተወለደ። አባቱ ድራም ስለሚጫወት መጀመሪያ ያስተማረው ድራም ነው። እዚያው ቺካጎ የማይልስ የእህት ልጅ ቪንሰንት ዊልበርን ድራመር ነበር፤ እሱ ለአጎቱ ጠቆመው። በ1983 ማይልስ ሲወስደው ገና የ21 ዓመት ልጅ ነው! ከዚያ በ1985 ከዘፋኙ ከስቲንግ ጋር፣ በ1990 በማዶና የዓለም ቱር ላይ ሠራ። ስቶንስ ዘንድ ሲደርስ ትልቅ መድረክ አዲሱ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብቻ ያለው ሮክ አይሰለቸውም? እውነቱን ንገረን ወንድሜ።

መልስ፦ ብዙ ልናገርበት የምፈልገው ጥያቄ ይሄ ነው። አብዛኛው ባንድ ድራመሩን ይከተላል። ስቶንስ ግን የሚከተለው የኪት ሪቻርድስን ጊታር ነው። ዋይማን ራሱ እንዳስረዳው፣ ዋትስ ኪትን ስለሚከተል ድራሙ በጣም በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቤዙ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ፊት ይቀድማል። ሊፈርስ የደረሰ የሚመስለው፣ ግን የማይፈርሰው ድምፃቸው የሚመጣው ከዚህ ነው። እዚያ መሃል ገብታችሁ ሁሉን እኩል ላስተካክል ብትሉ ባንዱ ሌላ ባንድ ይሆናል። በጣት ፍጥነት አይፈታም፤ ጆሮ ይፈልጋል።

ሌላው ችግር ደግሞ ሕዝቡ ነው። በ1978 የወጣውን የስቶንስ ዘፈን «ሚስ ዩ» የሚሰማ ሰው የዋይማንን የቤዝ መስመር ከግጥሙ እኩል በቃሉ ያውቀዋል። ያንን መስመር የሚነካ ቤዚስት ሃምሳ ሺህ ሰው ፊት ይታወቅበታል። ጆንስ መስመሩን አክብሮ ይይዘዋል፤ እዚያው ዘፈን መሃል ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲሰጠው ደግሞ ቺካጎም ማይልስም አብረው ይወጣሉ። ያኔ ስሙት፣ የተሰላቸ ሰው እንደዚያ አይጫወትም።

ጥያቄ፦ ሙሉ አባል የተደረገስ የለም?

መልስ፦ አለ። ቤዚስቱ ሮበርት ትሩሂዮ በ2003 ሜታሊካ የተባለው ሮክ ባንድ ሲገባ በአባልነት ነው የተቀበሉት፤ አንድ ሚሊዮን ዶላርም በቅድሚያ ሰጡት።

ጥያቄ፦ በድንገት ተጠርቶ የገባ ቤዚስት ታውቃለህ?

መልስ፦ ፒኖ ፓላዲኖ። ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል ሰኔ 27 ቀን 2002 ላስ ቬጋስ ውስጥ ሞተ፤ ቱሩ ሊጀመር አንድ ቀን ነበር የቀረው። ሐምሌ 1 ቀን ባንዱ ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ቦውል መድረክ ላይ ወጣ፣ ቤዙን የያዘው ፓላዲኖ ነበር። ኤንትዊስል ቤዝን እንደ መሪ ጊታር ይጫወት የነበረ፣ እጅግ ከሚጮኹት አንዱ ነው። ፓላዲኖ በጣም የተረጋጋ ሰው ነው። በቀናት ውስጥ የአንድ ሙሉ ኮንሰርት ዘፈኖችን አጥንቶ፣ ሐዘን ላይ ካለ ባንድ ጋር መቆም! ለእኔ ከዚህ የከበደ የቤዚስት ሥራ የለም።

ጥያቄ፦ ቤዝ እየተማርኩ ነው፤ ለቱር ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ብቻሽን አትለማመጂ፤ ድራመር ፈልጊ። ዘፈን ከወረቀት ሳይሆን ሰምተሽ መያዝን ልመጂ፣ ምክንያቱም ዘፋኙ ሳውንድ ቼክ (ከኮንሰርቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ላይ የዘፈኑን ቁልፍ፣ ማለትም የድምፁን ከፍታ፣ ዝቅ አድርጉልኝ ሊል ይችላል። ጆሮሽን ከዛሬ ጀምሮ ጠብቂ። ኤንትዊስል በመጨረሻ ዓመታቱ መስማት በጣም ተቸግሮ ነበር። የጆሮ መከላከያ ርካሽ ነው፤ የጠፋ መስማት ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ ቻርሊ ዋትስ ከሞተ በኋላ ጆንስ ቀጠለ?

መልስ፦ ቀጥሏል። ዋትስ ነሐሴ 24 ቀን 2021 አረፈ፤ ባንዱ ቱሩን በቀጣዩ ወር፣ መስከረም 26 ቀን ሴንት ሉዊስ ላይ ከድራመሩ ከስቲቭ ጆርዳን ጋር ቀጠለ። ጆርዳን ምቱን ጠበቅ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ጆንስም ከ27 ዓመት በኋላ ከሌላ ድራመር እግር ጋር መግባባት ነበረበት።

ጥያቄ፦ ከየት ጀምሬ ልስማው?

መልስ፦ ከማይልስ ጋር የሠራውን የ1984ቱን አልበም «ዲኮይ» መጀመሪያ፣ ከዚያ የስቶንስን የ1995 «ስትሪፕድ»። ሁለተኛው በትናንሽ አዳራሾችና በልምምድ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ቤዙ ጥርት ብሎ ይሰማል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን አትስሙት፤ ቤዙ ሁሉ እዚያ ይጠፋል።