የኮቪድ ሕፃናት መዝገብ፦ መጀመሪያ ማን እንደሚገባ ቁረጡ

ሰላም ለቤቱ። ከደሴ የመጣው ጥያቄ «ኮቪድ የያዛቸውን ሕፃናት ከደቡብና ከሰሜን ወሎ ሆስፒታሎች በአንድ መዝገብ ለማሰባሰብ ከየት እንጀምር? ኤክሴል ይበቃል ወይ?» የሚል ነው። ኤክሴሉ ይቆየን፤ ቀድሞ የሚቆረጠው ማን ይመዝገብ የሚለው ነው።

«ፒሲአር (የቫይረሱ ምርመራ) ፖዘቲቭ የሆነ» ብቻ ካላችሁ ከኮቪድ በኋላ ልጆችን የሚይዘው፣ ኤምአይኤስ-ሲ የሚባለው የብዙ አካላት ብግነት ያመልጣችኋል። እሱ ልጁ በኮቪድ ከተያዘ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሚመጣ ያን ጊዜ ፒሲአሩ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ለኤምአይኤስ-ሲ ያወጣው መስፈርት የሚጀምረው ከ0 እስከ 19 ዓመት ዕድሜና 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ትኩሳት ነው። የብግነት ምልክቱን ለማየት ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራ በሌለበት ኢኤስአር የተባለው ይሠራል። ሌላ ተህዋስ እንዳልሆነም መጣራት አለበት፤ ከከምሴና ከባቲ ቆላ ለሚመጣ ልጅ የወባ ውጤት የግድ ነው። ተጠርጥሮ የተመረመረ ልጅ ሁሉ፣ ኔጌቲቭም ቢሆን፣ በአንድ መስመር ይመዝገብ፤ አለዚያ ከስንቱ ስንቱ እንደተያዘ ማወቅ አይቻልም። ድንገተኛ ክፍል ደርሶ አልጋ ሳይዝ የሞተውንም አትርሱ።

የእኛን አገር መዝገብ ይበልጥ የሚያበላሹት ስምና ቀን ናቸው። ሰይድና ሠይድ፣ አህመድና አሕመድ፣ መሐመድና ሙሀመድ ለኮምፒውተር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከወልድያ ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለት ልጅ ሁለት ጊዜ የሚቆጠረውም በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የሆስፒታል ኮድና ተራ ቁጥር ያለው መለያ ስጡት፤ መለያው በሪፈር ወረቀቱ ላይ ተጽፎ አብሮት ይሂድ። ስምና የካርድ ቁጥርን ከመለያው ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ፋይል፣ በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ቀን በሦስት ዓምድ ይጻፍ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ጥቅምት 30ን 30/2/2012 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል በፈረንጅ ፌብሩዋሪ ሊያነበው ይሞክራል፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። የሚያሳስበው ግን ዝም ብሎ የሚቀበለው ቀን ነው፤ ወሩን አንዴ 31፣ አንዴ 28 ብሎ ስለሚቆጥር የተኛበት ቀን ብዛት ይዛባል። ዕድሜ ከክትባት ካርድ ይወሰድ። ካርድ ከሌለ እናቲቱን በበዓል መጠየቅ ያስኬዳል፤ መስቀል ቦታው አይለቅም፣ መውሊድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣልና የየዓመቱን ቀን ጽፋችሁ በእጅ ያዙ።

ኦክስጅን ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን) ሲጻፍ ልጁ ኦክስጅን ላይ ነበር ወይስ በክፍሉ አየር የሚለው አብሮ ይጻፍ። ቦታው ከፍ ሲል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም ስለሆኑ የሁለቱ ቁጥር ለየቅል ነው። ክብደት በኪሎ እስከ አንድ ነጥብ፤ ከ6 እስከ 59 ወር ላለው የክንድ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ባዶ ሳጥን አትተዉ፦ «ኔጌቲቭ»፣ «አልተሠራም»፣ «አይታወቅም» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ቅጹ ከሁለት ገጽ አይለፍ። አንዱ ሲገባ፣ አንዱ ሲወጣ፤ የየዕለቱን መዝገብ ለጽኑ ሕሙማን ብቻ አድርጉት። ተረኛ ነርስ ሌሊት ላይ አምስት ገጽ አይሞላም፣ ቢሞላም በግምት ነው።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ከመጀመሪያው ልጅ በፊት ይያዝ፤ የወላጅ ስምምነት፣ ከፍ ላለ ልጅ ደግሞ የራሱ ይሁንታ ይጨመር።

ወደ ኤክሴሉ ስመለስ፣ ለአንድ ሆስፒታል ይበቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሬድካፕ የተባለው የምርምር መረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ይሻላል፤ ለአባል ተቋማት ነጻ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋም በስልክ ይሞላል። ግን ሰርቨርና የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ኤክሴሉን በአንድ ሰው እጅ ማቆየት ይመረጣል። በየሳምንቱ የዋርዱን ሬጂስተር ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ የጎደለ ልጅ ካለ ካርዱ ከካርድ ክፍል ሳይርቅ ይገኛል።