የባጃጁ ቻርጀርና ያበጠው ካፓሲተር

ጥያቄ፦ ለባጃጄ በኤልኤም2596 (ቮልቴጅ የሚቀንስ አይሲ፣ ማለትም ቺፕ) ከ12 ቮልት 5 ቮልት የሚያወጣ የስልክ ቻርጀር ሠራሁ። መውጫው ላይ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የነቀልኩት 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው ያለው። አሁን አናቱ አብጧል። በ1000 ልቀይረው? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ማይክሮፋራዱን፣ ማለትም የካፓሲተሩን የመያዝ አቅም፣ ለጊዜው ተወው አቦ። ይቺ አይሲ በሰከንድ 150,000 ጊዜ ትበራለች፣ ትጠፋለች። በየዙሩ ካፓሲተሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ያረጀ ካፓሲተር ውስጣዊ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኢኤስአሩ፣ ከፍ ይላል። ያኔ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ያወጣል፤ አናቱም ይነፋል።

አዲስ ስትገዛ ጎኑን አንብብ። 85 ዲግሪ የሚል ከሆነ ለባለሱቁ መልስለት። 105 ዲግሪ የሚል፣ ሎው ኢኤስአር የሆነ፣ 220 ማይክሮፋራድ በ25 ቮልት ፈልግ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። የድሬን የግንቦት ቀትር፣ ያውም ባጃጅ ዳሽቦርድ ውስጥ፣ አንተው ታውቀዋለህ።

ሰው ሁሉ መውጫውን ነው የሚያየው። የበለጠ የሚንገላታው ግን የመግቢያው ካፓሲተር ነው። ቻርጀሩ 2 አምፒር ሲሰጥ እሱ ላይ ወደ 1 አምፒር የሚጠጋ ሪፕል፣ ማለትም ከፍ ዝቅ የሚል ከረንት፣ ይመላለሳል። ባለ 35 ቮልት አድርግለት፤ እግሩን አሳጥረህ ከአይሲው አጠገብ በይደው።

መውጫው ላይ ሴራሚክ ካፓሲተር ብቻ ልጠቀም እንዳትል። ኢኤስአሩ ከመጠን በላይ ስለሚያንስ ይቺ አይሲ ትረበሻለች። የተነቀለ ዕቃ ለሬዚስተር እሺ፤ ለዚህ ግን አዲስ ግዛ።