«ቻርጀብል» ወይስ «ሪቻርጀብል»?

ጥያቄ፦ በቻርጅ የሚሠራውን የእጅ ባትሪ ሁላችንም «ቻርጀብል» እንለዋለን። ትክክለኛው እንግሊዝኛ «ሪቻርጀብል» ነው የሚሉ አሉ። ልዩነት አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። «ቻርጅ» በእንግሊዝኛ ኤሌክትሪክ መሙላት ብቻ ሳይሆን ማስከፈልም መክሰስም ነው። «ቻርጀብል» የሚለው ቅጽል በአብዛኛው የሚያገለግለው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው፦ ክፍያ ለሚጠየቅበት አገልግሎት ወይም ለሚያስከስስ ጥፋት። ተደጋግሞ የሚሞላ ባትሪ ግን «ሪቻርጀብል» ነው፤ «ሪ» እንደገና ማለት ነውና። በአማርኛ ወሬ «ቻርጀብል» ያግባባል፤ እንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ይጠንቀቁ።

የሚሞላ የባትሪ ድንጋይ ሲገዙም «ሪቻርጀብል» የሚለው ቃል ላዩ ላይ መጻፉን ይዩ። የሚሞላው ብዙ ጊዜ 1.2 ቮልት ይላል፤ ተራው አልካላይን 1.5 ነው። ተራውን ቻርጀር ውስጥ ከከተቱት ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ ፈሳሹ ይወጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል።