የእናቴ አርባ ሳይወጣ ብስክሌት መንዳቴ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር እኖራለሁ፣ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እናቴ በቅርቡ በ81 ዓመቷ ዐረፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች፣ ያስታመምኳትም እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የራሴ የምለው ነገር ቢኖር ጎረቤታችን እሷ ጋ ስትቀመጥልኝ ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ብስክሌት የምነዳባት አንድ ሰዓት ናት። ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲያቅተኝ እንደገና መንዳት ጀመርኩ። አክስቴ አዩኝና «የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ፣ አርባዋ ሳይወጣ በብስክሌት ትዞሪያለሽ?» አሉኝ። ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣም። ሌላው ሰው ደግሞ «ዕድሜ ጠግባ ነው የሞተችው፣ ምን ያስለቅስሻል» ይለኛል። እኔ ግን እየነዳሁ ዕንባዬ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ «ተመስገን፣ ዐረፈች» ብዬ ቀለል ሲለኝ በራሴ እደነግጣለሁ። ጓደኞቼ በሚቀጥለው እሑድ ጢስ ዓባይ ድረስ ሊነዱ ነው። ልሂድ ወይስ ልተወው? ለአክስቴስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽንም ነፍስ ይማር። ዋናውን ልንገርሽ፤ መንዳትሽን ቀጥዪ። ነውር አይደለም፣ እናትን መርሳትም አይደለም። አነዳድሽ ግን ለጊዜው መለወጥ አለበት፣ አክስትሽም ዝምታ ሳይሆን መልስ ይገባቸዋል።

«ዕድሜ ጠግባ ነው» የሚሉሽ ሰዎች ክፋት የላቸውም፣ ማጽናናታቸው ነው። ግን አንቺ ያጣሽው ሌሊት ሲያስላቸው የምትነሺላቸውን፣ ፊታቸውን የምታጥቢያቸውን፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጫቸውን ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንሽ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በእሳቸው ነበር፤ አሁን ከሥራ ስትመለሺ እጅሽ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ቤቱም ይጨንቅሻል። የቀለለሽ ደግሞ ስቃያቸው ስላበቃ ነው። በሽተኛ ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህ ስሜት ይመጣበታል፣ አውጥቶ መናገር ግን ያሳፍረዋል። አንቺ ስለተናገርሽው ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ራስሽን አትክሰሺ።

ስለ ሐዘን ያጠኑ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ፣ በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ አለ። ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚጸናው ይላሉ። ሐዘኑ ውስጥ ብቻ መቀመጥም ከሐዘኑ ብቻ መሸሽም ይጎዳል። ስለዚህ ጠዋት ነድተሽ ማታ ከለቀስተኛ ጋር ብታለቅሺ ጤነኛ ነሽ ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዕንባሽ የሚመጣው ብስክሌት ላይ ብቻ ከሆነና ቤት ስትገቢ የምትደርቂ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ስለ እናትሽ የምታወሪው ሰው ፈልጊ። ያቺ ሁልጊዜ ትቀመጥላቸው የነበረችው ጎረቤትሽ ብዙ የምታስታውሰው ይኖራታል።

ወደ አክስትሽ ልምጣ። እሳቸውም እህታቸውን ነው ያጡት። የቁጣቸው ግማሹ ሐዘን ነው፣ ግማሹ ደግሞ የሰው አፍ ፍርሃት። ብስክሌትሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ አትከራከሪያቸው። አንድ ቀን ለቡና ሂጂና አጠገባቸው ተቀመጪ። «እቴቴ፣ እሷን ሳስታምም ከሰው እንዳልጎድል የያዘኝ ይሄ የጠዋት መንገድ ነበር፤ አሁንም ቤቱ ሲጨንቀኝ እሱ ነው የሚያወጣኝ፤ አርባዋን ግን እንደሚገባት አብረን እናወጣለን» በያቸው። ሰልስቱም፣ አርባውም፣ ሰማንያውም፣ ሙት ዓመቱም የጸሎትና የመታሰቢያ ቀን ነው። አሁንም ልብሽ ካልረጋ ነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ ለአክስትሽም የእሳቸው ቃል ከእኔ ቃል ይከብዳል። ለራስሽ ደግሞ ይህን አስቢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቢሮ ገብተሽ ሒሳብ ስትሠሪ «አፈሩ ሳይደርቅ» ያለሽ የለም፤ ለራስሽ ጤና አንድ ሰዓት ስትወጪ ምን ይባላል? ይህቺን ክርክር ግን አክስትሽ ጋ አታንሺያት፣ ለአንቺ መጽኛ ናት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ፤ ጥቁር ልብስሽ። ገና በደንብ ሳይነጋ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰሽ ስትወጪ የባጃጅም የአይሱዙም ሾፌር አያይሽም። በጥቁሩ ላይ የትራፊክ ፖሊስ የሚለብሰውን ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ደርቢ። ሐዘንሽን አይቀንሰውም፣ ማንም ቢናገርሽ አትስሚ። ከፊትና ከኋላ መብራት ይኑርሽ። ረጅም ጥቁር ቀሚስና ነጠላ ሰንሰለትና ጎማ ውስጥ ይገባል፤ ስትነጂ ጥቁር ሱሪ ልበሺ፣ ነጠላውን አጣጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ ያዢው፣ ስትደርሺ ትለብሽዋለሽ።

ሌላው፣ ሐዘን ሐሳብ ይበትናል። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበላም፣ ዓይን እያየ ልብ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ብቻሽን አትንጂ፣ ከኋላሽ የሚመጣውን መስማት ስላለብሽም ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ አታድርጊ። ዕንባ ሲመጣ ውረጂ፣ ዳር ይዘሽ አልቅሺ፣ ሲወጣልሽ ቀጥዪ። ጓደኞችሽ ይጠብቁሻል፤ ካልጠበቁሽ ሌላ ጓደኛ ፈልጊ። ለጊዜው ሐይቁን ይዞ የሚሄደው ሜዳ መንገድ ይበቃሻል፤ የቤዛዊትን ዳገት አሁን አትሞክሪው። ያልተኛሽበት ሌሊት ከሆነ ጭራሽ አትውጪ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ። ሳትቀምሺም አትውጪ፣ ቢያንስ ሻይ በዳቦ። የቅርብ ሰው በሞተ ሰሞን ድንገተኛ የልብ ሕመም የመነሣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው፣ በተለይ ቀድሞ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ላለበት። ደረትሽን ከያዘሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ካዞረሽ ቁሚና ሐኪም ጋ ሂጂ፤ «ሐዘን ነው» ብለሽ አትለፊው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ከባድ መሆናቸው ያለ ነው። ከስድስት ወር በኋላም ቀኑን ሙሉ ናፍቆቱ አላላውስ ካለሽ፣ ሥራ መሥራትና ከሰው መቀላቀል ካቃተሽ ግን የሕክምና ርዳታ ያስፈልግሻል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ያለውን የተራዘመ ሐዘን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ስድስት ወር ብለሽ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ ሂጂ።

የጢስ ዓባዩ ጉዞ ይህኛው ይቅርብሽ። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ መመለሻው ሲጨመር 60 ገደማ ይሆናል፤ ሳይተኙና ሳይበሉ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም። አርባው እየቀረበ ስለሆነም ቤቱ ይፈልግሻል፤ ጠላው፣ ድፎው፣ እንግዳው አለ። በዚያ ቀን ብስክሌቱ ቤት ይዋል፣ ከአክስትሽ ጎን ሁኚ። ጓደኞችሽንም ለአርባው ጥሪያቸው፤ መጥተው ከአክስትሽ ጋር ቢተዋወቁ ጠዋት ከእነማን ጋር እንደምትወጪ ያውቃሉ፣ ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ያቀላል። ጢስ ዓባይን ከዚያ በኋላ ለሚመጣ አንድ እሑድ ያዙት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ከደከመሽም አንዱ ጓደኛሽ አብሮሽ እንዲመለስ ከወዲሁ ተነጋገሩ።