«ተሾሙ» ወይስ «ወረሱ»?

ጥያቄ፦ ስለ ቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ አሌክ ዳግላስ ሂዩም የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ. በ1951 ኧርል ሆነው ተሾሙ፤ በ1963 ከማዕረጋቸው ተሻሩ» ይላል። አገላለጹ ትክክል ነው? «ኧርል» የሚለውን የብሪታንያ የመኳንንት ማዕረግስ «መስፍን» ማለት አይቻልም?

መልስ፦ ሁለቱም ግሦች ያለ ቦታቸው ገብተዋል። በአማርኛ ሹመት ሿሚ አለው፤ የሾመ ደግሞ ይሽራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሁለቱን አጣምሮ የሚያነሣቸው ለዚህ ነው። በአገራችን ራስነትም ሆነ ደጃዝማችነት በንጉሥ ፈቃድ የሚሰጥ እንጂ አባት ሲሞት በቀጥታ ለልጅ የሚያልፍ ስላልነበረ፣ ማዕረግ በተነሣ ቁጥር «ተሾሙ» የሚለው ግሥ ቀድሞ አፋችን ላይ ይመጣል።

የእኚህ ሰው ማዕረግ ግን በዘር የሚወርድ ነው። በ1951 አባታቸው ሲያርፉ ማንም ሳይሾማቸው 14ኛው የሂዩም ኧርል ሆኑ፤ ስለዚህ «ማዕረጉን ወረሱ» ማለት ይገባል። ውርሱ ደግሞ ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ በሕዝብ ተመርጠው የያዙትን የእንደራሴዎች ምክር ቤት ወንበር ለቀው ባለማዕረግ መኳንንት ይቀመጡበት ወደነበረው ወደ ሎርዶች ምክር ቤት መሻገር ግድ ሆነባቸው። አንባቢን ግራ የሚያጋባው፣ በ1931 መጀመሪያ ሲመረጡም «ሎርድ ደንግላስ» ይባሉ የነበረ መሆኑ ነው፤ ይህ ግን ለኧርል የበኩር ልጅ በአክብሮት የሚሰጥ መጠሪያ ብቻ ስለ ነበር ከመመረጥ አላገዳቸውም።

«ተሾሙ» የሚለው ግሥ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው በኦክቶበር 1963 ነው፤ ንግሥቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸዋልና። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን፣ በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ተጠቅመው የወረሱትን ማዕረግ በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት። ስለዚህ «ተሻሩ» ማለት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ታሪኩን የሚገለብጥ ነው፤ በኖቬምበር ስኮትላንድ ውስጥ በተደረገ የማሟያ ምርጫ እስኪያሸንፉ ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል በየትኛውም ምክር ቤት ወንበር የሌላቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የቆዩት ወደው ስለተዉት ነው። በ1974 እንደገና ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ሲገቡ ያገኙት ማዕረግ ለልጅ የማይተላለፍ፣ የዕድሜ ልክ ብቻ ስለ ነበር በዚያ ላይ «ተሰጣቸው» ቢባል ያምራል።

«መስፍን» የሚለውን ቃል «የኤደንብራው መስፍን» በማለት ለዱክ ማዕረግ ለምደነዋል። ኧርል ከዱክ ሁለት ደረጃ ዝቅ ስለሚል፣ ሁለቱንም «መስፍን» ካልናቸው ልዩነቱ ይጠፋል። እኔ «ኧርል»ን እንዳለ ጽፎ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ማብራራትን እመርጣለሁ።

ስለ ስማቸውም አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝኛውን ፊደል ተከትለው «ሆም» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ንባቡ ግን «ሂዩም» ነው። ማዕረጉን ከተዉ በኋላ የተጠሩበት «ሰር» በ1962 ከተሸለሙት የስኮትላንድ ኒሻን የመጣ ሲሆን፣ ከራስ ስም ጋር እንጂ ከቤተሰብ ስም ጋር ብቻውን አይሄድም፤ እኛ «አቶ»ን ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር እንደምናስኬደው ሁሉ «ሰር አሌክ» እንጂ «ሰር ሂዩም» አይባልም።