የማሳ ሙከራና የምርምር ሥራ፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በግብርናና በሕይወት ሳይንስ ምርምር ዙሪያ ያላችሁን ጠይቁ። የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ከወልድያ፦ ሰላም ዶክተር። ለማስተርስ ቆቦ ላይ 5 የማሽላ ዝርያዎችን አቀንጭራ (በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም) ባለበት ማሳ ላወዳድር ነው። እያንዳንዱን ዝርያ 3 ጊዜ መድገም (3 ድግግሞሽ) ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። የኤረር ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ ማለትም የሙከራውን ስህተት ለመገመት የሚቀርህ ነጻ መረጃ ብዛት፣ (5−1)×(3−1)=8 ብቻ ይሆናል፤ ከ12 ባያንስ ይመረጣል። ድግግሞሹን 4 ስታደርገው ልክ 12 ይመጣል። አቀንጭራ ባለበት ማሳ ይህ የግድ ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ አንዱ ፕሎት (የሙከራ መደብ) ተወርሮ አጠገቡ ያለው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የአምናው አቀንጭራ የት የት እንደበዛ ባለማሳውን ጠይቅና በወረቀት ንደፈው፤ ብሎኮቹን (ሁሉም ዝርያዎች አንድ አንድ ጊዜ የሚዘሩባቸውን የማሳ ክፍሎች) በዚያ መሠረት ክፈል። ለሙከራ ብለህ በገበሬ ንጹሕ ማሳ ላይ የአቀንጭራ ዘር እንዳትበትን። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ አንተ ተመርቀህ ስትሄድ ዕዳው ለሰውዬው ይቀራል።

ከዝርያዎቹ ውስጥ ጎብዬን ወይም አብሽርን ለተቋቋሚ ማነጻጸሪያ፣ እንደ ጅጉርቲ ያለ የአካባቢ ዝርያ ደግሞ ለገበሬው ማነጻጸሪያ አስገባ። ጎብዬና አብሽር በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ካገኙት ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ የመጡ ናቸው። የዝርያዎቹ ሥር የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሶ የሚያበቅለውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ስለሚያመነጭ ነው የሚቋቋሙት።

ከወልድያ፦ እሺ፣ የበቀለውን አቀንጭራ ብቻ ብቆጥርስ?

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስትሃል። ቀጭጮ የቀረ ማሽላ ሥሩ ትንሽ ስለሆነ አቀንጭራ አይበዛበትም፤ አንተ ግን "ተቋቋመ" ብለህ ትጽፋለህ። ጉዳቱ ደግሞ አብዛኛው የሚደርሰው አቀንጭራው ከአፈር ሳይወጣ ነው። ከተዘራ በ8፣ በ10 እና በ12 ሳምንት ከመሐል ረድፎች ቁጠር፤ ከዳር ረድፍ አትውሰድ። አቀንጭራው መውጣት ከጀመረ በኋላ ሌላውን አረም በእጅ ንቀል፤ ኩትኳቶ አቀንጭራውንም ይዞት ይሄዳል። ያበበውን ከቆጠርክና ከመዘገብክ በኋላ ዘር ሳይጥል ነቅለህ አቃጥል።

ከፍሬው ጋር አገዳውንም አድርቀህ መዝን። በቆቦና በራያ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥርም ነው። ፍሬው ጥሩ ሆኖ አገዳው ያጠረ ዝርያ ገበሬው ዓመት ሳይሞላው ይተወዋል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም፣ ያልተመዘነ ነገር አይጻፍምና።

ከመርሳ፦ ከፕሎት ያገኘሁትን ምርት ወደ ሄክታር ስቀይር ቁጥሬ ከሌሎቹ ይበልጣል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበቱን አለማስተካከል ነው። 2 መሐል ረድፎች፣ ርዝመታቸው 5 ሜትር፣ በረድፎች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የታጨደው ስፋት 7.5 ካሬ ሜትር ነው። ፍሬው 2.4 ኪሎ መዝኖ እርጥበቱ 15 በመቶ ከሆነ፣ ወደ መደበኛው 12.5 በመቶ ለማምጣት 2.4×(100−15)÷(100−12.5) ታሰላለህ፤ 2.33 ኪሎ ይወጣል። በ10,000 አባዝተህ ለ7.5 ስታካፍለው በሄክታር 31 ኩንታል ገደማ ነው። ሳታስተካክል ቢሆን 32 ትል ነበር። ሌላው ስህተት የታጨደውን ስፋት ትቶ በሙሉ ፕሎቱ ስፋት ማካፈል ነው፤ ያኛው ግን ምርቱን ያሳንሳል።

ከኮምቦልቻ፦ የአፈር ናሙና እንዴት ልውሰድ?

መልስ፦ ማዳበሪያ ሳይገባ፣ ዚግዛግ እየሄድሽ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። የፍግ ክምር የነበረበትን፣ የእርከን ጠርዝንና የድሮ አጥር ሥርን ዝለዪ። በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅለሽ 1 ኪሎ ያህል አስቀሪ። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ይጨምርብሻል። በጥላ አድርቂና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፊ፤ ለኦርጋኒክ ካርቦንና ለናይትሮጅን የሚሆነውን ደግሞ በ0.5። መለያውን በእርሳስ ጽፈሽ ከረጢቱ ውስጥም ውጭም አድርጊ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።

ከከሚሴ፦ ምርምር ማዕከል ይሻላል ዩኒቨርሲቲ? ዕፅዋት ማዳቀል ነው የምወደው።

መልስ፦ እህቴ፣ ለማዳቀል እንደ ሲሪንቃ ያለ ማዕከል ይሻላል። የመምረጥ ሥራ ወቅት ሳይቋረጥ ለዓመታት ይቀጥላል፤ ማሳው፣ ቴክኒሻኑና የዘር ክምችቱ እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማሩ ጊዜሽን ይይዛል፤ የሰኔ ፈተናና እርማት ደግሞ ከዘር ወቅት ጋር ይጋጫል። ማይክሮባዮሎጂ ወይም ሞለኪውላር ሥራ ብትዪኝ ግን ዩኒቨርሲቲ እልሽ ነበር።

ከደሴ፦ አንድ ጆርናል በ3 ቀን እቀበላለሁ፣ 100 ዶላር ክፈል ይለኛል።

መልስ፦ አትክፈል። በ3 ቀን እውነተኛ ግምገማ አይደረግም። የኤዲተሮቹን ስም በተቋማቸው ድረ ገጽ ፈልግ፣ በስኮፐስ ወይም በዌብ ኦፍ ሳይንስ (የታወቁ የጆርናል መዝገቦች ናቸው) ውስጥ መመዝገቡን ራስህ ገብተህ እይ፤ ጆርናሉ ስለራሱ የሚለጥፈውን አትመን። እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚተዉ ትልልቅ አሳታሚዎች አሉ፤ ጽሑፉን ከመላክህ በፊት ጠይቃቸው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። ለማንበብ ደግሞ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በርካሽ የሚያስነብበው ሪሰርች ፎር ላይፍ አለ፤ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍታችሁ ጠይቅ።

ከሐይቅ፦ ለፒኤችዲ ውጭ አገር ላለ ፕሮፌሰር ኢሜይል ስጽፍ መልስ አላገኝም።

መልስ፦ አጭር አድርገው፣ ከ200 ቃል አይብለጥ። ከቅርብ ጽሑፎቹ አንዱን አንብበህ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ አንሣና የአንተ ዳታ ከዚያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ሲቪና ትራንስክሪፕት በአንድ ፒዲኤፍ አያይዝ። ለአንድ ዲፓርትመንት 10 ሰዎች ያንኑ ደብዳቤ አትላክ፤ ይነጋገራሉ። ሁለት ሳምንት ጠብቀህ አንዴ አስታውስ፣ ካልመለሰ ወደ ሌላው እለፍ።