መልስ፦ ሁለተኛውን ዳቦ ቤት ከመክፈትዎ በፊት

ጠያቂያችን፣ ሁለተኛውን ዳቦ ቤት ከመክፈትዎ በፊት ሥራ አስኪያጅ መቅጠር ይሻል እንደሆነ ወይስ አሠራር መዘርጋት ይቀድም እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አሠራሩ ይቀድማል፤ በጽሑፍ ባልሰፈረ ሥራ ላይ የተቀጠረ ሰው፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ነገር እርስዎ ጋ ሲደውል ይውላል።

ከዱቄቱ ይጀምሩ። ከመጋዘን የወጣው ኩንታል፣ ከእያንዳንዱ ኩንታል የተጋገረው ዳቦ ብዛት፣ የተሸጠው፣ ያደረውና ያረረው በየፈረቃው በአንድ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ አስረካቢውና ተረካቢውም አብረው ቆጥረው ይፈርሙ። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ ጉድለት በታየ ቁጥር ጋጋሪውን ስጠረጥር ወራት አለፉ፤ በኋላ ሊጡን በሚዛን ስናየው ለካ የሚቆረጠው ከተወሰነው ክብደት በላይ ኖሯል። ንጹሕ ሰው መጠርጠሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቅጥሩን በተመለከተ፣ ዘመድ መቅጠር በራሱ ስሕተት ነው አልልም፤ ሆኖም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የሥራ ዝርዝርና ውል ይኑረው። ለገንዘብ ያዥ ተያዥ ይጠይቁ። ጋጋሪን ግን በሰው ወሬ ሳይሆን፣ የድካሙን ከፍለው አንድ ሌሊት ካሠሩት በኋላ ይምረጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ቅጥር በጽሑፍ እንዲሆንና ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ በምን በምን እንደሚመዝኑት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይንገሩት። ከደመወዙ በተጨማሪ አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ከወዲሁ በወጪ ስሌትዎ ውስጥ ያስገቡ።